የአንጥረኛ “ደም” ይለያል ወይ? ስለ አንድ ጥናት፣ ስለ ስሌቱና ስለ እኛ

አርሲ ነገሌን ረግጧት የማያውቅ ሰው እንኳ አረቄዋን በስም ያውቃል። ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ሻሸመኔ ከመድረሳችሁ በፊት የምታገኟት ከተማ ናት። ላንጋኖ፣ አብጃታና ሻላ ሐይቆችም ሩቅ አይደሉም። አረቄ ማውጣት፣ ሌላው ጣጣው ይቆየንና፣ ጥርት ያለ ሳይንስ ነው። ድፍድፉ ይጣዳል። አልኮል ከውኃ ባነሰ ሙቀት፣ በ78 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚፈላ፣ የሚወጣው እንፋሎት ከድፍድፉ ይልቅ አልኮል ይበዛበታል። እንፋሎቱ በቱቦ አልፎ ሲቀዘቅዝ ጠብ ጠብ ይላል። በቃ፣ ይሄ ነው።

በባህላዊው አሠራር እሳት ላይ የሚጣደው ዕቃ ምንድን ነው? የሸክላ ማሰሮ። እህሉ የበቀለበት መሬትስ በምን ታረሰ? በማረሻ። ማሰሮውን የሠራችው ማን ናት? ማረሻውን የቀጠቀጠውስ? እስቲ እዚህ ጥያቄ ላይ ቆም በሉ። በብዙ የሀገራችን አካባቢ ማሰሮው ቤት ይገባል፤ ማሰሮውን የሠራችው ግን ደጅ ትቀራለች። ማረሻው እርሻውን ይመግባል፤ የቀጠቀጠው ሰው ግን ከገበሬው ጋር ከአንድ ገበታ አይቆርስም።

ይህ ጽሑፍ በአንድ የዘረ-መል ጥናት ላይ የቀረበ ሂስ ነው። ጥናቱ እነዚህን ባለሙያዎች “ለምን ተለዩ?” ብሎ የጠየቀ ነው። እኔ የምህንድስና ተማሪ ነኝ፤ የዘረ-መል ባለሙያ አይደለሁም። ግን ጥናቱ ውስጥ ያለው ትልቁ ጉዳይ ከመረጃ ላይ ምልክትን ከሁካታ መለየት ነው፤ እሱ ደግሞ እኛም ቤት በየቀኑ ያለ ጣጣ ነው።

ዕቃው ይገባል፣ ሠሪው አይገባም

መጀመሪያ ስሞቹን እንያቸው። በአርሲና በሌሎችም የኦሮሞ አካባቢዎች ብረት ቀጥቃጩ “ቱምቱ”፣ ቆዳ የሚያለፋው ደግሞ “ፋቂ” ይባላል። ወደ ደቡብ ወረድ ስትሉ፣ በሲዳማ ሸክላ ሠሪዎቹ “ሀዲቾ”፣ በወላይታ “ጭናሻ” ተብለዋል። በጉራጌ “ፉጋ” አለ። በከፋ በአደን ይተዳደሩ የነበሩት “ማንጆ” ይባላሉ። በሰሜኑ “ጠይብ” እንላለን፤ ከዚያም አልፎ “ቡዳ”። ብዙዎቹ ስሞች ለተጠሪዎቹ ስድብ ናቸው። እዚህ የጻፍኳቸው ነገሩ የአንድ መንደር ወይም የአንድ ብሔር ችግር እንዳልሆነ እንድታዩ ብቻ ነው።

የሚገርመው ቃላቱ ሲወለዱ ስድብ አልነበሩም። “ቱምቱ” በኦሮምኛ “ቱሙ” ከሚለው ግስ የመጣ ነው፤ መቀጥቀጥ ማለት ነው። “ጠይብ” ደግሞ ከግዕዙ “ጠቢብ” ጋር ይዛመዳል። ጠቢብ! ዛሬ “ኪነ ጥበብ” ብለን የምናከብረውን ቃል ብረት የሚቀጠቅጠው ሰው ላይ ስንለጥፈው ስድብ አደረግነው።

አሉላ ፓንክረስትና ዲና ፍሪማን አዘጋጅተውት እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የጥናቶች ስብስብ አለ፤ በደቡብ ኢትዮጵያ ስለተገለሉ የእጅ ባለሙያዎችና አዳኞች የሚናገር። ቦታው ይለያይ እንጂ የመገለሉ ዓይነት በጣም ይመሳሰላል። አብሮ አለመብላት፣ ቤት አለማስገባት፣ በስብሰባና በለቅሶ ለብቻ ማስቀመጥ፣ መሬት መንፈግ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አለመጋባት። ይህን የመጨረሻውን ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ላይ ቁልፉ እሱ ነው።

አሁን ከዋናው መንገድ ዳር ወዳሉት የብየዳ ቤቶች እንሂድ። በርና መስኮት ይበየዳል፣ የጋሪ አካል ይጠገናል። በያጁን ምን ብለን እንጠራዋለን? “ባለሙያ”፣ አንዳንዴም “ማስተር”። ሻዩን አብረነው እንጠጣለን፤ እህታችንን ቢያገባም “አጥንቱ ምንድን ነው?” ብሎ ሥራውን የሚያነሳ የለም። ግን እስቲ አስቡት። ወናፍ የሚነፋው አንጥረኛ ብረቱን በከሰል እሳት 1000 ዲግሪ ገደማ ያግለዋል፤ ከዚያ በመዶሻ ቅርጽ ያስይዘዋል። የኤሌክትሪክ ብየዳው ብልጭታ ከ5000 ዲግሪ በላይ ነው። ብረቱ ያው ብረት ነው። እንዲያውም ብዙ ጊዜ የአንጥረኛው ጥሬ ዕቃ የመኪና ባሌስትራ ነው። “ክፉው ነገር” ከእሳቱና ከብረቱ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ ከኤሌክትሮዱም በወጣ ነበር። አልወጣም። ስለዚህ መገለሉ በሥራው ባህርይ ላይ የተመሠረተ አይደለም ማለት ነው። ታዲያ በምን ላይ ነው?

ብዙ ሰው ሁለተኛ መልስ አለው፦ “ሥራው ሳይሆን ዘራቸው ነው፤ ከጥንትም ከእኛ የተለዩ ናቸው።” ይሄኛው መልስ ሊፈተሽ ይችላል። ተፈትሿልም።

ሁለት መላምት፣ አንድ መረጃ

አሪ በደቡብ ኢትዮጵያ በጂንካ አካባቢ የሚኖር ሕዝብ ነው። በውስጡ ገበሬዎችና አንጥረኞች አሉ። አንድ ቋንቋ ይናገራሉ፣ አንድ አካባቢ ይኖራሉ፤ ግን አንጥረኞቹ የተገለሉ ናቸው። አንትሮፖሎጂስቶች ይህን ለማስረዳት ሁለት መላምት ነበራቸው። አንደኛው፣ አንጥረኞቹ ገበሬዎች ከመምጣታቸው በፊት እዚያ ይኖር የነበረ የሌላ ሕዝብ ቅሪት ናቸው የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ሁለቱም ከአንድ ግንድ የወጡ ናቸው፤ አንጥረኞቹ የተለዩት በሥራቸው ምክንያት ስለተገለሉ ነው የሚል ነው።

የዘረ-መል መረጃው ሲታይ በሁለቱ መካከል ልዩነት ተገኘ፤ ትንሽ የሚባልም አይደለም። በሕዝቦች መካከል ያለውን የዘረ-መል ልዩነት የሚለካ ኤፍ-ኤስ-ቲ የሚባል ቁጥር አለ። ሁለት ሕዝቦች አንድ ዓይነት ከሆኑ 0 ይሆናል፤ ፈጽሞ ከተለያዩ 1። በአሪ አንጥረኞችና ገበሬዎች መካከል ከ0.023 እስከ 0.04 ሆኖ ተለካ። ይህ በኢትዮጵያ የተለያዩ ብሔረሰቦች መካከል ከሚታየው ልዩነት ጋር የሚመጣጠን ነው። እንዴ! የአንድ ሕዝብ ሁለት ወገኖች እንደ ሁለት ብሔረሰብ የሚራራቁት እንዴት ነው?

እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2014 የወጡ ሁለት ጥናቶች መረጃው የመጀመሪያውን መላምት የሚደግፍ መሰላቸው። ማለትም አንጥረኞቹ የቀድሞ ሕዝብ ቅሪት ናቸው። በ2015 ግን ሉሲ ቫን ዶርፕና ባልደረቦቿ ፕሎስ ጄኔቲክስ በተባለው መጽሔት ሌላ ውጤት ይዘው መጡ። ከባልደረቦቿ መካከል እንደ ፕሮፌሰር እንዳሻው በቀለ ያሉ የሀገራችን ተመራማሪዎችም አሉ። አዲስ ደም አልቀዱም፤ ያንኑ መረጃ በሌላ ዘዴ ፈተሹት። መልሱ ተገለበጠ፦ ልዩነቱ ሙሉ በሙሉ በሁለተኛው መላምት ሊብራራ ይችላል። አንድ ግንድ ናቸው፤ የለያቸው መገለሉ ነው።

እንዴት ሊሆን ይችላል? በቤታችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ።

የአሥር ፍሬው ሙከራ

ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ቀይ ቦሎቄ የተቀላቀለበት ትልቅ ጆንያ ይኑራችሁ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ 10 ፍሬ አውጡ። በትክክል 5 ለ 5 የሚወጣላችሁ ከ4 ሙከራ አንዴ ገደማ ብቻ ነው። ከ3 ሙከራ አንዴ ገደማ ደግሞ 7 ለ 3 ወይም ከዚያ የባሰ ያጋደለ ነገር ይወጣል። አሁን 1000 ፍሬ አውጡ። ከ100 ሙከራ ከ99 በላዩ ላይ የቀዩ ድርሻ ከ45 እስከ 55 በመቶ ውስጥ ይሆናል። ትልቅ እፍኝ ጆንያውን ይመስላል፤ ትንሽ እፍኝ ግን በዕድል ብቻ ያጋድላል።

ትውልድም እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ ትውልድ ካለፈው ትውልድ ዘረ-መል ላይ የወጣ እፍኝ ነው። ሰፊ ሕዝብ ውስጥ ድርሻው ብዙም አይናወጥም። ከትንሽ ቡድን ውስጥ ብቻ ከተጋቡ ግን በየትውልዱ 10 ፍሬ እንደማውጣት ይሆናል፤ ሁለተኛው እፍኝ ደግሞ ከጆንያው ሳይሆን ካጋደለው ከመጀመሪያው እፍኝ ነው የሚወጣው። አንዳንዱ ዘረ-መል ይጠፋል፣ አንዳንዱ ይበዛል። ባለሙያዎች ይህን ጄኔቲክ ድሪፍት ይሉታል። ማንም ከማንም አይሻልበትም፤ የዕድል ጨዋታ ነው። ቡድኑ በጣም አንሶ የሚያልፍበትን ጊዜ ደግሞ “የጠርሙስ አንገት” ይሉታል።

አሁን “አለመጋባት” የሚለውን ያዙልኝ ያልኳችሁን አምጡት። አንጥረኛን ከገበሬ ልጅ ጋር እንዳይጋባ ስትከለክሉት ምን እያደረጋችሁ ነው? እፍኙን እያሳነሳችሁበት ነው። ከብዙ ትውልድ በኋላ መሣሪያ ያለው ሰው መጥቶ ዘረ-መሉን ሲለካ “የተለየ” ሆኖ ያገኘዋል። ልዩነቱ እውነት ነው፤ መለኪያው አልዋሸም። ግን ልዩነቱ የመገለሉ ምክንያት ሳይሆን ውጤቱ ነው።

ስሌቱ ለምን ተታለለ?

የቀደሙት ጥናቶች ከተጠቀሙባቸው መንገዶች አንዱ መረጃን በቡድን በቡድን የሚከፋፍል አልጎሪዝም ነው። ለስሌቱ “ይህን ሁሉ ሰው ከዚህን ያህል ምንጮች እንደመጣ አድርገህ አስረዳኝ” ትሉታላችሁ። ስሌቱ ታዛዥ ነው፤ ያላችሁትን ያህል ምንጭ ይሰጣችኋል። “ምንጭ” አድርጎ የሚመርጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጎልቶ የወጣውን፣ ማለትም በድሪፍት ያጋደለውን ቡድን ነው። አንጥረኞቹ “ንጹሕ ጥንታዊ ምንጭ” መስለው ይወጣሉ፤ ገበሬዎቹ ደግሞ የዚያ ምንጭና የሌላ ቅልቅል። ከዚያ ሰው ይመጣና ታሪክ ይሠራለታል፦ “ነባሮቹ አንጥረኞች፣ መጤዎቹ ገበሬዎች።” ስሌቱ ግን ስለ ማን መምጣት ምንም አላለም።

በእኛ ሙያ ቋንቋ ልንገራችሁ። አንድ የሬዲዮ ጣቢያ በሁለት ቦታ ከፍታችኋል እንበል፤ አንዱን ሜዳ ላይ፣ ሌላውን በጠባብ ባዶ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ። የቆርቆሮው ቤት ድምፅ ያስተጋባል። ሁለቱን ቀድታችሁ ለኮምፒውተር ብትሰጡት “ሁለት የተለያዩ ድምፆች ናቸው” ሊላችሁ ይችላል። የገደል ማሚቶውን ስታወጡለት ግን ያው ዘፈን ነው። የ2015ቱ ቡድን ያደረገው ይሄንኑ የሚመስል ነገር ነው። አንጥረኛው ከራሱ ቡድን ጋር ምን ያህል ይመሳሰላል የሚለውን ማሚቶ ቀንሰው፣ ሁለቱ ወገኖች ከውጭ ካሉ ሕዝቦች ጋር ያላቸውን ዝምድና አነጻጸሩ። የሁለቱም ዝምድና አንድ ዓይነት ሆነ።

ይህን ሥራ ሳደንቅ ሁለት ነገር አደንቃለሁ። አንደኛ፣ ርእሱ ላይ ሳይቀር በቡድን ከመከፋፈል ስሌት መማር ስላለብን ትምህርት ይናገራል፤ “እኛ ትክክል ነን” ብሎ ብቻ አላለፈም። ሁለተኛ፣ ከ2012ቱ ጥናት ጸሐፊዎች መካከል ሉካ ፓጋኒን ጨምሮ ጥቂቶቹ በ2015ቱም ጥናት ላይ አሉ። የራስን መደምደሚያ መልሶ መፈተሽ ማለት ይሄ ነው።

ግን ጥናቱ የማይሸከመው ነገር

አሁን ወደ ሂሱ ልግባ። ጥናቱ ላይ ካለኝ ቅሬታ ይልቅ፣ ጥናቱን ስንጠቀምበት ልንሠራው በምንችለው ነገር ላይ ያለኝ ስጋት ይበልጣል።

እንደኔ ላለ ሰው የመጀመሪያው ፈተና ይሄ ነው፦ ውጤቱን ይዞ “አያችሁ? አንድ ደም ነን፤ ስለዚህ አታግሉ” ማለት። ደስ ይላል። ግን ዓረፍተ ነገሩን ገልብጡት። የመጀመሪያው መላምት ትክክል ሆኖ ቢገኝስ? አንጥረኞቹ በእርግጥ ከሌላ ግንድ የመጡ ቢሆኑስ? ያኔ ገበታ መለየት ትክክል ሊሆን ነው? አይደለም። የሰው ክብር ላብራቶሪ ውስጥ ካለ ውጤት ላይ ከተንጠለጠለ፣ ነገ ሌላ ውጤት ሲመጣ ይወድቃል። ድልድይ ስትሠሩ ሙሉውን ጭነት በአንድ ብሎን ላይ አታሳርፉም። ጥናቱ “ዘራቸው ነው” የሚለውን ሰበብ ማፍረስ ይችላል፤ የእኩልነት መሠረት መሆን ግን ሥራው አይደለም። መሠረቱ ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ ሰው በመሆናቸው ብቻ።

ሁለተኛው፣ ጥናቱ ውስጥ መገለል እንደ መነሻ ተወስዶ ነው የሚታለፈው። በዘረ-መሉ ላይ የቀረው አሻራ ተለካ፤ መገለሉ ራሱ አልተለካም። አንዲት ሸክላ ሠሪ ገበያ ውላ ስትመለስ ውኃ በምን ዕቃ እንደሚሰጧት፣ ልጇ ትምህርት ቤት ማን አጠገብ እንደሚቀመጥ በዲ ኤን ኤ ውስጥ አይታይም። ይህ የጥናቱ ጥፋት አይደለም፤ ለሌላ ጥያቄ ነው የተሠራው። ግን እኛ አንባቢዎች የዲ ኤን ኤ ገበታ ስናይ የምንደመም፣ የሰው ምስክርነት ስንሰማ የምንጠራጠር ከሆነ ችግሩ የእኛ ነው። እንደ አሉላ ፓንክረስትና ፍሪማን መጽሐፍ ያሉ ሥራዎች ከዘረ-መሉ ጥናት እኩል ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ያለባቸው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው፣ አሪ አርሲ አይደለም። በአሪ የተገኘው የጋራ ግንድ በቀጥታ ለአርሲ ቱምቱ ወይም ለሲዳማ ሀዲቾ የተሰጠ ምስክር ወረቀት ተደርጎ መወሰድ የለበትም። በየቦታው ያለው ታሪክ ሊለያይ ይችላል። በየትም ቦታ የማይለያየው ሒሳቡ ነው፤ ትንሽ እፍኝ የትም ቢሆን ያጋድላል። ስለዚህ ከማንኛውም የተገለለ ቡድን ዘረ-መል ላይ ልዩነት ቢገኝ፣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት “ከየት መጡ?” ሳይሆን “ስንት ትውልድ ተዘግቶባቸዋል?” ነው።

“ማን ቀድሞ መጣ” የሚባለው ወጥመድ

የመጀመሪያውን መላምት ቅርጽ ልብ ብላችሁታል? ነባርና መጤ። ይህ ቅርጽ ከዘረ-መል ጥናት ውጭም በደንብ የምናውቀው ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በኦሮሚያ ብዙ ከተሞች ጥቃትና ሁከት ተነሣ። ከአርሲ ነገሌ ብዙም የማትርቀው ሻሸመኔ ክፉኛ ከተጎዱት አንዷ ናት። በዚያ ሁከት፣ በጥቃቱም በጸጥታ ኃይሎች እርምጃም፣ 123 ሰዎች መሞታቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በ2013 ባወጣው ሪፖርት አሳውቋል። በብሔራቸውና በሃይማኖታቸው ተለይተው የተጠቁ ሰዎች እንደነበሩም መዝግቧል። የእጅ ባለሙያዎች መገለልና የዚያ ሰሞን ጥቃት አንድ ነገር ናቸው እያልኩ አይደለም። ግን ሁለቱም የሚደገፉበት አንድ አስተሳሰብ አለ፦ ሰው ማንነቱም መብቱም የሚወሰነው ቅድመ አያቱ ከየት በመምጣቱ ነው የሚል።

ቋንቋችንም ያሳስተናል። “ዘር” ስንል እህል የሚዘራውን ፍሬ፣ የትውልድ ሐረግን፣ ብሔርንም በአንድ ቃል እንጠራለን። ስንዴ ሲሆን ዘሩ ከተለየ ምርቱም ይለያል። ሰው ላይ ግን ይህ ሐሳብ አይሠራም። ሪቻርድ ሌወንቲን እ.ኤ.አ. በ1972 እንዳሳየው፣ በሰው ልጆች መካከል ካለው የዘረ-መል ልዩነት 85 በመቶ ገደማው የሚገኘው እዚያው አንድ ሕዝብ ውስጥ ባሉ ሰዎች መካከል ነው። አጠገባችሁ ከተቀመጠው የገዛ ጎረቤታችሁ ጋር ያላችሁ ልዩነት፣ “ሌላ ዘር” ከምትሉት ሰው ጋር ካላችሁ ብዙም አያንስም ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2021 ኔቸር ኮሚዩኒኬሽንስ ላይ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ 1,214 ኢትዮጵያውያንን ከ68 ብሔረሰቦች ወስዶ አጥንቷል። ቋንቋና ርቀት በዘረ-መል ላይ አሻራ አላቸው። ግን ተመሳሳይ ባህል ያላቸው ቡድኖች በአማካይ በዘረ-መልም ይቀራረባሉ፤ በቅርብ ዘመን የተቀላቀሉ መሆናቸውም ይታያል። የአሪው ጥናት ስንዘጋ እንደምንራራቅ ካሳየ፣ ይሄኛው ስንጋራ እንደምንቀራረብ ይጠቁማል። በሩን የምንከፍተውም የምንዘጋውም እኛው ነን።

ቡድን ላይ የተለጠፈ ቁጥር

ሀገር ለቆ መሄድ ከዚህ አያስመልጥም። ቤተ እስራኤላውያን በሰሜን ኢትዮጵያ በአንጥረኝነትና በሸክላ ሥራ የታወቁ ነበሩ፤ “ቡዳ” የሚለው ስም እነሱም ላይ ተለጥፏል። ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1996 እዚያ አንድ ነገር ይፋ ወጣ፦ የደም ባንኩ የኢትዮጵያ ተወላጆች የለገሱትን ደም ተቀብሎ በስውር ይደፋው ነበር፤ ምክንያቱ የኤች አይ ቪ ስጋት ነው ተባለ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ኢየሩሳሌም ውስጥ ሰልፍ ወጡ።

ይህን እንደ መሐንዲስ እዩት። እያንዳንዱ ከረጢት ደም ሊመረመር ይችላል። ታዲያ አንዱን ከረጢት መመርመር እየተቻለ በቡድን አማካይ መፍረድ ጥንቃቄ ነው? ጥንቃቄ ቢሆን ኖሮ ምርመራውን አጠናክሮ፣ ለለጋሹም እውነቱን ነግሮ ይሠራ ነበር። እዚህ “ሥራቸው”፣ እዚያ “ደማቸው” ተባለ። መለያው ተቀየረ፤ ዘዴው አልተቀየረም፦ ከቡድን የተወሰደ ነገር ግለሰቡ ላይ ይለጠፋል፣ ግለሰቡ ራሱን የሚያስረዳበት ዕድል አይሰጠውም።

ቀለበቱ የት ይቆረጣል?

ሕግ የለም እንዳትሉ፤ ሕግማ አለ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል፤ ተሳዳቢው በእስራት እንደሚቀጣም ተነግሯል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል እንደሆኑ ይደነግጋል፤ በትውልድና በማኅበራዊ አመጣጥ አድልዎ ማድረግንም ይከለክላል። በሁለቱ መካከል ወደ 90 ዓመት አለ። ነገሩ ግን አልጠፋም። ለምን?

ምክንያቱም ይህ ራሱን የሚመግብ ቀለበት ነው። መሬት ይነፈጋሉ፤ ስለዚህ በእጅ ሥራ ብቻ ይኖራሉ፤ ከዚያ “ተፈጥሯቸው ነው፣ ሌላ ሥራ አይሆንላቸውም” ይባላል። እንዳይጋቡ ይከለከላሉ፤ ስለዚህ በዘረ-መል እየራቁ ይሄዳሉ፤ ከዚያ “ዘራቸው ይለያል” ይባላል። ገበታ ይለያሉ፤ ስለዚህ አይተዋወቁም፤ የማይታወቅ ሰው ደግሞ ያስፈራል። በእያንዳንዱ ዙር ውጤቱ ተመልሶ ምክንያት ይሆናል። ማይክሮፎን ወደ ድምፅ ማጉያው ሲጠጋ የሚጮኸውን ጩኸት ታውቁታላችሁ አይደል? ድምፁ ከየትም አዲስ አልመጣም፤ የራሱን ድምፅ እየሰማ ነው የሚያድገው። ሕግ መጮሁን ሊከለክል ይችላል፤ ጩኸቱ የሚቆመው ግን ማይክሮፎኑ ሲርቅ ነው።

የመቁረጫ ቦታዎቹ ደግሞ የቤት ውስጥ ናቸው። የትኛው ብርጭቆ ለማን ይሰጣል? ለቅሶ ላይ ማን የት ይቀመጣል? እድር ውስጥ ማን አባል ይሆናል? ልጅ ሲዳር የሚጠየቀው ጥያቄ ምንድን ነው? ፓርላማ እነዚህን ሊወስናቸው አይችልም። እናንተ ግን ትችላላችሁ፤ ቢያንስ ልትጠይቁ ትችላላችሁ።

ስለዚህ የዚህ ሳምንት የቤት ሥራችሁ ይሄ ይሁን። እናታችሁን፣ አባታችሁን ወይም አያታችሁን “በእኛ ቤት ከማን ጋር አንጋባም ይባላል?” ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ስታገኙ አትጨቃጨቁ፤ “ለምን?” በሉ ብቻ። “ሥራቸው ነው” ካሏችሁ ስለ በያጁ ጠይቋቸው። “ዘራቸው ነው” ካሏችሁ የቦሎቄውን ሙከራ አብራችሁ ሥሩ፤ 10 ፍሬ ይበቃል። “ድሮም እንዲህ ነው” ካሏችሁ ደግሞ ማሰሮውን አሳዩዋቸውና የሠራችውን ሰው ስም ያውቁ እንደሆነ ጠይቁ። ካላወቁ፣ በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሄዳችሁ እናንተው ስሟን ጠይቋት።